የእህት ካርድ እናትን ላውንጅ ያስገባል?

አንዲት የባሕር ዳር አንባቢ እንዲህ ስትል ጠይቃለች፦ «እናቴ 67 ዓመቷ ነው። እህቴን ልትጠይቅ በአዲስ አበባ በኩል ፍራንክፈርት ልትሄድ ነው። የምትሄደው ብቻዋን ነው፤ ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ አትችልም። ከባሕር ዳር የምትነሳው ጠዋት 2፡30 ነው። የፍራንክፈርቱ በረራ ደግሞ ትኬቱ ላይ 00፡35 ይላል። እህቴ የሉፍታንዛ ሴናተር ካርድ አላት። ‹በእኔ ካርድ ቦሌ ላውንጅ ገብታ ትረፍ› ትለናለች። ይቻላል? ካልተቻለስ ከፍለን ብናስገባት ያዋጣል?»

እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። ላውንጅ ወደሚባለው የአውሮፕላን ማረፊያው ልዩ ማረፊያ ክፍል በእህትሽ ካርድ እናትሽ አይገቡም። ከፍሎ መግባት የሚቻልበት መንገድ አለ፤ በእናንተ ሁኔታ ግን አልመክረውም። ላውንጅ መጥፎ ሆኖ አይደለም። የእናትሽ ችግር ሌላ ስለሆነ ነው። እዚሁ ባሕር ዳር ትኬት ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ ብዙ እናቶችን ሸኝቻለሁ። መንገድ ላይ የሚያስጨንቃቸው ምን እንደሆነ ደህና አድርጌ አውቃለሁ።

ወደ ካርዱ ከመግባቴ በፊት የትኬቱን ቀን እንይ። 00፡35 ማለት በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6፡35 ነው። በትኬት ላይ ቀኑ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። እኛ ዘንድ ግን ሰው ተኝቶ እስኪነሳ ድረስ ቀኑ ያው ነው። ስለዚህ ትኬቱ «ረቡዕ 00፡35» ካለ፣ እናትሽ ቦሌ መገኘት ያለባቸው ማክሰኞ ማታ ነው። ረቡዕ ማታ ሻንጣ ይዞ ሄዶ «አውሮፕላኑ ትናንት ሌሊት ሄዷል» የተባለ ሰው ጥቂት አይደለም። የባሕር ዳሩና የፍራንክፈርቱ በረራ በአንድ ትኬት ከተቆረጡ ሲስተሙ ራሱ አያይዞ ስለሚያወጣቸው ብዙ አያሰጋም። ለየብቻ ከተገዙ ግን ዛሬውኑ አውጥተሽ ቀኖቹን አስተያዪ።

አሁን ወደ ካርዱ። እህትሽ ዝም ብላ አልተናገረችም። ሉፍታንዛም የኢትዮጵያ አየር መንገድም ስታር አሊያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ጥምረት አባል ናቸው። የእኛው የገባው እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ላይ ነው። ሉፍታንዛ አዘውትረው ለሚበሩ ደንበኞቹ የሚሰጠው ሴናተር ካርድ ያለው ሰው በጥምረቱ ውስጥ ባሉ አየር መንገዶች ሁሉ «ስታር አሊያንስ ጎልድ» ተብሎ ይታወቃል። የእኛው አየር መንገድ የደንበኞች ካርድ፣ ሸባማይልስ ጎልድም፣ እዚያው ደረጃ ላይ ነው። ጎልድ የሆነ መንገደኛ በኢኮኖሚ ወንበር ቢሄድ እንኳ ላውንጅ ይገባል። አንድ እንግዳ ይዞ የመግባት መብትም አለው። እህትሽ ያሰበችው ይሄንን ነው።

የረሳችው ግን ባለ ካርዷ ራሷ እዚያው መገኘት እንዳለባት ነው። ያን ቀን እሷም ከቦሌ በጥምረቱ አውሮፕላን የምትበር መሆን አለባት። እንግዳዋም እንደዚሁ። ከዚያ አብረው በአንድ በር ይገባሉ። እሷ ፍራንክፈርት ቁጭ ብላ ካርዱ ቦሌ ላይ አይሠራም። የካርዱን ፎቶ በቴሌግራም ብትልክላቸውም ያው ነው። የላውንጁ እንግዳ ተቀባይ ስካን የምታደርገው የዕለቱን ቦርዲንግ ፓስ ነው። ስምና ደረጃው እዚያ ላይ ይወጣል። በሌላ ሰው ካርድ ለመግባት መሞከር እናትሽን በር ላይ ከማሳፈር ያለፈ ትርፍ የለውም። ስለዚህ እህትሽ ራሷ መጥታ እናትሽን ይዛ የምትመለስ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ያኔ ሁለቱም ያለ ክፍያ ይገባሉ።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ልጨምር። ካርዱ አይተላለፍም፤ ማይሉ፣ ማለትም በመብረር የሚጠራቀመው ነጥብ፣ ግን ይሠራላቸዋል። እህትሽ ያጠራቀመችውን ማይል ተጠቅማ በእናትሽ ስም ትኬት ማውጣት ትችላለች። ማይሉ ከበቃ የቢዝነስ ክላስ ትኬትም ይሆናል። የቢዝነስ መንገደኛ ደግሞ ላውንጅ የሚገባው በራሱ ትኬት ነው። የማንም ካርድ አያስፈልገውም። ለዘንድሮው ጉዞ ትኬቱ ተቆርጧል፤ ለሚቀጥለው ግን ለእህትሽ ንገሪያት። ከሰባት ሰዓት በላይ የሚፈጅ የሌሊት በረራ ላይ እግር ዘርግቶ መተኛት ለእናትሽ ከየትኛውም ላውንጅ ይበልጣል። ቢዝነስ ስትይ አንድ ነገር ልብ በይ። የቢዝነስ ትኬት የሚያስገባው ባለቤቱን ብቻ ነው። እንግዳ ይዞ መግባት የጎልድ ካርድ መብት እንጂ የቢዝነስ ወንበር መብት አይደለም። አንዱን በቢዝነስ፣ አንዱን በኢኮኖሚ አድርገው የሚሄዱ ባልና ሚስት እዚህ ላይ ነው የሚደናገጡት።

ከፍሎ ስለመግባት እንነጋገር። በዓለም ላይ ብዙ ላውንጆች በገንዘብ ያስገባሉ። አንዳንዱ በር ላይ ይቀበላል፤ አንዳንዱ እንደ ፕራዮሪቲ ፓስ ባሉ የአባልነት ካርዶች በኩል ያስገባል። ዋጋው እንደየቦታው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ሰው ከ30 እስከ 60 ዶላር መካከል ነው የምታገኚው። በእንዲህ ያሉ ካርዶች የሚገቡባቸው ላውንጆች ዝርዝር ይለዋወጣል። ስለዚህ ካርድ ከመግዛት በፊት የካርዱን መተግበሪያ ከፍቶ የቦሌን ስም መፈለግ ነው። በውጭ ምንዛሪ የሚከፈለውን እህትሽ ከዚያው ብትከፍል ይቀላል። አባልነቱ ግን በእናትሽ ስም መሆን አለበት። በራሷ ስም ገዝታ ኮዱን ብትልክላቸው የጎልዱ ታሪክ ይደገማል።

ዋናው ጉዳይ ግን ሰዓቱ ነው። በክፍያና በአባልነት ካርድ የሚያስገቡ ላውንጆች በአብዛኛው ከበረራው ሦስት ሰዓት በፊት ጀምሮ ነው የሚቀበሉት። እናትሽ ጠዋት 2፡30 ተነስተው በአንድ ሰዓት ገደማ አዲስ አበባ ይደርሳሉ። ከዚያ እስከ ሌሊት 6፡35 አሥራ አምስት ሰዓት ያህል ይቀራል። ከዚህ ውስጥ ላውንጁ የሚሸፍነው ሦስቱን ነው። የቀረውን አሥራ ሁለት ሰዓትስ?

ላውንጅ ምን እንዳለው ለማታውቁ ትንሽ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ወይ ቤተ መንግሥት ወይ ተራ ካፌ አድርጎ ያስበዋል። ለስላሳ ወንበር አለ። ራስሽ እያነሳሽ የምትበዪው ምግብ፣ ትኩስና ቀዝቃዛ መጠጥ፣ ዋይፋይ፣ የስልክ ቻርጅ ማድረጊያ አለ። ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፣ ብዙ ቦታ ላይ ደግሞ ሻወር አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦሌ ላይ ለቢዝነስ መንገደኞቹ ክላውድ ናይን የሚለው ላውንጅ አለው። እንጀራና ወጥ ይቀርብበታል፤ ቡናም በጀበና ይፈላበታል። ፈረንጁ ይሄን ሲያይ ይደነቃል። እናትሽ ግን የቤታቸውን ቡና ጠጥተው የወጡ ናቸው። ደግሞ ማታ ወደ አውሮፓና ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚሄዱት አውሮፕላኖች ተቀራርበው ስለሚነሱ ሰው የሚበዛው ያኔ ነው። እናትሽ የሚገቡበት ሰዓት ማለት ነው።

ነገሩ የተጀመረው አሜሪካ ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በ1939 ኒውዮርክ ላጓርዲያ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ለተመረጡ ደንበኞቹ አንድ ክፍል ከፈተ። ያኔ የሚገባው የተጋበዘ ብቻ ነበር። ከፍሎ መግባት የመጣው ኋላ ነው። በር ላይ ያለው ጥብቅነት አሁንም ከዚያ ዘመን የቀረ ይመስለኛል።

በእናትሽ ጉዳይ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ብዙ ላውንጆች ውስጥ የበረራ ጥሪ በድምፅ አይነገርም። ጸጥታው የአገልግሎቱ አካል ነው። መንገደኛው ስክሪኑን እያየ በሰዓቱ ተነስቶ ወደ ጌቱ፣ ማለትም ወደ መሳፈሪያው በር፣ መሄድ አለበት። ስክሪኑ ደግሞ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚጽፈው። ብቻቸውን ያሉ፣ እንግሊዝኛ የማያነቡ፣ ከጠዋት ጀምሮ የደከማቸው እናት ምቹ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው እንቅልፍ ቢጥላቸውስ? ውጭ ጌቱ አጠገብ ቢሆኑ ቢያንስ ሰው ሲነሳ አይተው ይነሳሉ። «ፍራንክፈርት ነው?» ብለው አጠገባቸው ያለውን ይጠይቃሉ። ትኬቱ ላይ ያለው 00፡35 አውሮፕላኑ የሚነሳበት ሰዓት መሆኑንም አትርሺ። መሳፈር የሚጀመረው ብዙ ቀደም ብሎ ነው፤ በሩም ከመነሻው ሰዓት በፊት ይዘጋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኔ ብሆን የላውንጁን ገንዘብ የባሕር ዳሩን በረራ ለመለወጥ አውለዋለሁ። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በቀን ከአንድ በላይ በረራ አለ። ከሰዓት በኋላ ያለውን ጠይቂ። ለምሳሌ 10 ሰዓት ወይም 11 ሰዓት ላይ የሚነሳ ቢገኝ እናትሽ ምሽት 12 ሰዓት አካባቢ ቦሌ ናቸው። ስድስት ሰዓት ያህል ይተርፋቸዋል። ኢሚግሬሽኑን፣ ፍተሻውን፣ ወደ ዓለም አቀፉ ተርሚናል መሻገሩን ሳይጣደፉ ይጨርሱታል። ጠዋቱን ደግሞ እቤታቸው ይውላሉ። ወይ ጣና ዳር ወስዳችሁ ዓሣ አብሉልኝ። ለሸኚም ለተሸኚም ከቦሌ ወንበር ይሻላል።

ከዚህ በላይ ግን አታጣቢው። በተለይ ክረምት ላይ ዝናብና ጭጋግ የአገር ውስጥ በረራን ሊያዘገይ ይችላል። የመጨረሻውን የማታ በረራ ይዞ ሁለት ሰዓት ብቻ ማስተረፍ ቁማር ነው። ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት ላይ ከሆኑ፣ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥ አየር መንገዱ በሚቀጥለው በረራ የማሳፈር ኃላፊነት አለበት። ለየብቻ ከተገዙ ግን ጣጣው የራሳችሁ ነው። ለውጡንም ስታስደርጊ አንዱን ክፍል ብቻ ነጥለው አዲስ ትኬት እንዳይቆርጡልሽ። «በዚሁ ትኬት ላይ ሰዓቱን ብቻ ቀይሩልኝ» በይ። የሚጨመር ክፍያ ካለ እንደ ትኬቱ ዓይነት ነው፤ ቁጥሩን ሳትሰሚ እሺ እንዳትዪ።

ከሰዓት በኋላ ቦታ ካልተገኘና የጠዋቱን መሄድ ግድ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ዘመድ ጋ ይረፉ። እናትሽ ከባሕር ዳር ሲደርሱ ገና የኢሚግሬሽን ማኅተም አልተመታላቸውም። እንደ ማንኛውም የአገር ውስጥ መንገደኛ ወጥተው መሄድ ይችላሉ። ዘመድ ተቀብሎ ወስዶ፣ ምሳ አብልቶ፣ አስተኝቶ፣ ማታ 2፡30 ገደማ መልሶ ቢያደርሳቸው አሥራ አምስቱ ሰዓት ሳይታወቃቸው ያልፋል። ዘመድ የሚባል ከሌለ ቦሌ አካባቢ ለቀን አልጋ መያዝም ይቻላል። ብቻቸውን ከሆኑ ግን ይሄኛው የመጨረሻ ምርጫ ይሁን።

ሁለተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ዊልቸር ነው። በነፃ ነው። ከጉዞው ቢያንስ ሁለት ቀን ቀደም ብለሽ በትኬት ቢሮ ወይም በስልክ አስመዝግቢ። ሠራተኛው ቦሌ ላይ ተቀብሎ በፍተሻውና በኢሚግሬሽኑ አሳልፎ ጌቱ ድረስ ያደርሳቸዋል። ፍራንክፈርት ላይ ደግሞ ከአውሮፕላኑ በር ይቀበላቸዋል። ያ አውሮፕላን ማረፊያ ሰፊ ነው፤ ጎልማሳውም ይጠፋበታል። በፓስፖርት መቆጣጠሪያው አልፈው፣ ሻንጣቸውን ይዘው፣ እህትሽ እስከምትጠብቅበት በር ድረስ አብሯቸው የሚሄድ ሰው አለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሚገጥምሽን አውቃለሁ። እናትሽ «እኔ ሽባ ነኝ ወይ? እግሬ ምን ሆነና!» ይላሉ። ያላለች እናት አላየሁም። ጎረቤት ቢያየኝስ የሚለውም አለበት። በዚህ አትከራከሪያቸው። «ጋሪው የአውሮፕላኑ ነው፤ ሰውየው መንገድ ያሳይዎታል» በያቸው። ወይም ጉልበታቸውን የሚያማቸው ጎረቤት በዚያ መንገድ ሄደው ከሆነ እሳቸው ይንገሯቸው። ከልጅ ይልቅ የዕድሜ እኩያቸውን ይሰማሉ። ባሕር ዳር ላይ ቆመው ቢሄዱም ግድ የለም። ቦሌና ፍራንክፈርት ላይ ግን እንዳይለቁት።

ቼክ ኢን የሚያደርጉት እዚሁ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ቆጣሪው ላይ ሁለት ነገር ጠይቂ። ሁለቱንም ቦርዲንግ ፓስ አሁን ይሰጡን ይሆን? ሻንጣውስ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ ይሄዳል? ሻንጣው ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ራስሽ እይው። የመጨረሻው መድረሻ የፍራንክፈርት ሦስት ፊደል፣ ኤፍ አር ኤ፣ መሆን አለበት። የአዲስ አበባው ኤ ዲ ዲ ብቻ ከሆነ፣ ሻንጣውን አዲስ አበባ ላይ ተቀብለው እንደገና ማስረከብ አለባቸው። ይሄን ቀድሞ ማወቅ ነው፤ በተለይ ዘመድ ጋ የሚያርፉ ከሆነ።

ስለ ሻንጣው ካነሳን፣ ቅቤውን ተዉት። ንጥር ቅቤ፣ ቋንጣ፣ አይብ፣ የዶሮ ወጥ ቁሌት ሥጋ ያለበት ወደ አውሮፓ ኅብረት አገር በመንገደኛ ሻንጣ አይገባም። የሥጋና የወተት ውጤት ክልክል ነው። ፍራንክፈርት ላይ ጉምሩክ ካየው ይጥለዋል፤ ቅጣትም ሊኖረው ይችላል። ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። ግን በእጅ ቦርሳ እንዳታደርጉት። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ፈሳሽና ለስላሳ ነገር ፍተሻ ላይ ይወሰዳል፤ ማርም እዚያ ውስጥ ነው። በርበሬውና ሽሮው በደንብ ታሽጎ ከታች በሚገባው ሻንጣ ይሁን። የእጅ ቦርሳው ውስጥ መድኃኒታቸው፣ ነጠላቸው፣ የእህትሽ አድራሻና ስልክ፣ የግብዣ ወረቀቱ፣ የጉዞ መድኅኑና የመመለሻ ትኬቱ ይኑሩ። የጠረፍ ፖሊሱ የሚጠይቀው እነዚህን ነው።

ጾም ከሆነ ደግሞ የአውሮፕላኑን ምግብ ከ24 ሰዓት በፊት ማዘዝ አለብሽ። ሥጋም ወተትም እንቁላልም የሌለበት የሚባለውን ምረጪ፤ ለእኛ ጾም የሚስማማው እሱ ነው። «ቬጀቴሪያን» ብቻ ብትዪ አይብ ያለበት ሊመጣ ይችላል።

አንድ ወረቀት ላይ በትልልቁ በአማርኛ ጻፊላቸው፦ የበረራውን ቁጥር፣ «ፍራንክፈርት» የሚለውን፣ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር፣ ያንቺንና የእህትሽን ስልክ። ከሥሩ ያንኑ በእንግሊዝኛ ድገሚው። የጌቱ ቁጥር ቦታ ባዶ ይሁን፤ ቦሌ ላይ የዊልቸሩ ሠራተኛ ይሞላላቸዋል።

ላውንጅ ጨርሶ አይረባም እያልኩ አይደለም። አንቺ ራስሽ በሥራ ጉዳይ ብትሄጂ፣ አራት አምስት ሰዓት ትራንዚት ቢኖርሽ፣ ታጥበሽ ልብስ ቀይረሽ ኢሜይል መመለስ ብትፈልጊ ገንዘቡ ያዋጣል። እናትሽም እህትሽን ይዘው በሚመለሱበት ጊዜ ይግቡ፤ ደስ ይላቸዋል። በዚህኛው ጉዞ ግን በመጀመሪያ ትኬቱ ላይ ያለውን ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ባለ ስድስት ሆሄ መለያ ይዘሽ ትኬት ቢሮ ሂጂ። የሰዓቱን ለውጥም ዊልቸሩንም በአንድ ጊዜ ይመዝግቡልሽ። ከሰዓት በኋላ ያለው በረራ በተለይ ለበዓል ሰሞን ቶሎ ስለሚሞላ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ አትጠብቂ።